ከስፔን ጦር ሜዳ የቀሩ ፊቶች



በ1936 እ.ኤ.አ. በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ፣ ከ50 በላይ አገሮች የመጡ 35 ሺህ ያህል በጎ ፈቃደኞች ለሪፐብሊኩ ዘመቱ። ዓለም አቀፍ ብርጌዶች ተባሉ።

ዘመኑ ትንንሽ ካሜራዎች ከወታደሩ ጋር ምሽግ ድረስ መግባት የጀመሩበት ነበር። ሮበርት ካፓና ጌርዳ ታሮ ያነሷቸው ፎቶዎች በአውሮፓ መጽሔቶች ወጡ። ታሮ በሐምሌ 1937 በብሩኔቴ ውጊያ ታንክ ገጭቷት ስትሞት 26 ዓመቷ ነበር። ከታሮ፣ ከካፓና ከባልደረባቸው ዴቪድ ሲሞር የቀሩ 4,500 ያህል ኔጋቲቮች ለአሥርተ ዓመታት ጠፍተው፣ በ2007 ከሜክሲኮ ሲቲ ኒውዮርክ ገቡ።

ከታዋቂዎቹ ምስሎች ይልቅ የእኔን ልብ የሚነኩት ግን የ15ኛው ዓለም አቀፍ ብርጌድ የራሱ የፎቶ ክፍል ያነሳቸው ናቸው። ወታደሮቹን እዚያው አብሯቸው የኖረ ሰው አነሳቸው፤ ጥቁርና ነጭ አሜሪካውያን ጎን ለጎን ይታያሉ። የአገራቸው ጦር በዚያን ጊዜ በዘር ይለያያቸው ነበር።

ለእኛ ደግሞ ቅርብ ነገር አለ። ከጥቁሮቹ ዘማቾች አንዳንዶቹ በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ሊዘምቱልን ፈልገው መንገዱ የተዘጋባቸው ናቸው። ስፔን ላይ የሙሶሊኒን ጦር አገኙት። በብርጌዱ ውስጥ የአሜሪካውያኑን የሊንከን ሻለቃ ያዘዘው ጥቁር አሜሪካዊ ኦሊቨር ሎው ወረራውን በመቃወም ቺካጎ ውስጥ ታስሮ ነበር፤ እሱም በብሩኔቴ ወደቀ። የብርጌዱ ፎቶዎች ዛሬ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ታሚመንት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል።