የሐርቡው አባት ያሳዩን ምንጭ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምናቀርብላችሁ የአንድ አዛውንት ትዝታ ነው። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፤ ተወልደው ያረጁት ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ፣ በከሚሴ መንገድ በምትገኘው በሐርቡ ነው። በእምነታቸው ሙስሊም ናቸው። ከቤታቸው የደረስነው የመጠጥ ውኃ ዳሰሳ ቅጽ ልንሞላ ነበር። ቅጹ በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተቀመጠውን መለኪያ፣ ማለትም ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ፣ የተከተለ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ብናነብላቸው፣ «ልጆቼ፣ የምትጠይቁኝ ስለ የትኛው ውኃ ነው?» አሉን። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲፈላ ቅጹ ሳይነካ ቆየ።

በልጅነታቸው ቦርከና ሦስት ስፍራ ነበረው። የላይኛው ለመጠጥ፣ ከዚያ ዝቅ ያለው ለልብስ ማጠቢያ፣ የታችኛው ለከብት። ድንበሩን የሚጠብቀው ቅሬው ነው፤ ከብቱን ወደ መጠጫው የለቀቀ ሰው በቅሬው ፊት ቆሞ ይጠየቃል። በበጋ የአፋር አርብቶ አደሮች ወደ ጨፋ ግጦሽ ሲመጡም፣ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች አስቀድመው ተገናኝተው ከብቱ የሚጠጣበትን ይወስኑ ነበር። ስለ ወባውም አልሸሸጉንም። መስከረም በጠባ ቁጥር ሰው ይቀበር እንደ ነበር፣ እርሳቸውም ሁለት ታናናሾቻቸውን እንዳጡ ነገሩን።

ስለ ጥምቀት ያነሡት ግን እጅግ አስደነቀን። ታቦት ከመውረዱ በፊት እሾሁን መንጥረው መንገዱን የሚያስተካክሉት እርሳቸውና እኩዮቻቸው ነበሩ። «ለእኛም የውኃ መቅጃ መንገድ ነው፤ ለማን እንደ ጠረግነው አንለይም» አሉ። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ሕዝቡ መንገዱን ተከትሎ ሲፈስስም፣ «እህል አልነበረንም፤ ውኃ ግን አልነፈግንም» አሉን።

ዛሬ ቦርከና ሐርቡ የሚደርሰው ከደሴ አካባቢ ተራሮች ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ ነው። ከተሞቹ አድገዋል፣ ፋብሪካዎች ተተክለዋል፤ ፍሳሹም የሚወርደው ወደዚሁ ወንዝ ነው። አዛውንቱ የልጅ ልጆቻቸው ከወንዙ እንዲጠጡ አይፈቅዱም። የጥንቱ ሥርዓት ዛሬ ቢመለስ እንኳ ሐርቡን ብቻውን አያድናትም፤ ማጠቢያውም የከብቱም ስፍራ ከእርሷ በላይ ሆኗልና።

ልንሰናበት ስንል በምርኩዛቸው አንድ ሾላ አመለከቱን። ከሥሩ በበጋም የማይነጥፍ ምንጭ ነበረ፤ ደለል ደፍኖታል። ስሙን የሚያውቁት በመንደሩ እርሳቸውና አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው። በካርታችን ላይም የለም። በዘፍጥረት ምዕራፍ 26 ይስሐቅ በአባቱ ዘመን የተቆፈሩትን፣ ፍልስጥኤማውያን የደፈኗቸውን ጕድጓዶች አስቆፈረ፤ አባቱ በጠራቸውም ስም ጠራቸው። ስሙን የሚነግረው ሰው ባይኖር ኖሮ ቦታውን በምን ያውቀው ነበር?

እንግዲህ የምንለምናችሁ ይህን ነው። በየአጥቢያችሁ ያሉ አረጋውያንን፣ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም፣ ስለ ጥንት ምንጮች ጠይቃችሁ ስማቸውንና ቦታቸውን ከዐቢይ ጾም በፊት ጻፉልን። ውኃው ይመረመራል፤ ለመጠጥ የማይሆን ከሆነም ይቀራል። የሐርቡው አባት ሲሸኙን፣ «አብሽሩ፣ ምንጩ የትም አይሄድም፤ እኔን ግን ቶሎ ድረሱብኝ» ብለውናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።