መኪናችን ሁለት ባትሪ ለምን አስፈለጋት?
በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር



ከእኔ ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ምርጥ ዘር ትጠብቁ ይሆናል። ኮሌጅ ገብቼ የተማርኩትም እሱን ነው። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ መኪና ባትሪ ነው። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ አባት «ለአንድ መኪና ሁለት ባትሪ መግዛት ምን የሚሉት ወጪ ነው?» ብለው ጠይቀው ነበር። ሰዓት አልቆ መልስ ሳያገኙ ቀሩ። ገንዘቡ የእናንተ ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን መስጠት ያለብኝም እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ትሰሙታላችሁ።

መኪናችን እንደምታውቁት በናፍጣ የምትሠራ ቫን ናት። ዘር ታደርሳለች፤ በገበያ ቀን ድምፅ ማጉያ ይዛ ታስታውቃለች፤ ከኋላዋም በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ አላት። ፍሪጁ ውስጥ የምንይዘው የዶሮ ፈንግል ክትባት ነው። ቢሾፍቱ ተመርቶ የሚመጣልን ይህ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። እስከ አምና ድረስ ይህ ሁሉ ሥራ የተጫነው በአንድ ባትሪ ላይ ነበር።

ባትሪ ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። አንደኛው ሞተር ማስነሣት ነው። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው 200 አምፔርና ከዚያም በላይ ሊስብ ይችላል፤ ግን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሠራው ባትሪ በውስጡ ስስና ብዙ የእርሳስ ሰሌዳዎች ተደርድረውበታል፤ ብዙ ኃይል ባንድ ጊዜ ይሰጣል። ሞተሩ እንደተነሣ ዲናሞው የሰጠውን ይመልስለታል። ሁለተኛው ሥራ ደግሞ ፍሪጅንና ድምፅ ማጉያን የመሰለውን ነገር ሞተር ጠፍቶ ለሰዓታት መመገብ ነው። ለዚህ ወፍራም ሰሌዳ ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚሰጥና ደጋግሞ ቢጎድል የሚችል ባትሪ ያስፈልጋል። ስሱን ባትሪ በዚህ ሥራ ላይ ካዋሉት ቶሎ ይሞታል።

እናንተ ዘርና ቀለብ ለይታችሁ ታስቀምጣላችሁ። ክረምቱ ቢከፋም የዘሩ ጎታ አይነካም። ዋናው ባትሪ ዘር ነው፤ ረዳቱ ባትሪ ቀለብ ነው። እኛ ግን ዘሩን እየበላን ነበር።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ። ጠዋት 3 ሰዓት ገበያ ደርሰን ሞተር አጠፋን። ድምፅ ማጉያው 5 አምፔር ይስባል፤ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ ለአምስት ሰዓት ሲናገር 25 አምፔር ሰዓት በላ። ፍሪጁ ሲሠራ 4 አምፔር ይስባል፤ ግማሹን ጊዜ ያርፋልና 10 ጨመረ። ድምሩ 35 ነው። ባትሪው 70 አምፔር ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት ቢሆንም ያረጀ ስለነበር የተጻፈውን ያህል አይዝም። ሾፌራችን ቁልፉን ሲያዞሩ ጠቅ፣ ጠቅ ብሎ ዝም አለ። የገበያው ሰው ተረባርቦ ገፋ፤ ጭቃው አላስኬድ አለ። ሌላ መኪና የመጣልን በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ነው። ፍሪጁ ማታውኑ ጠፍቶ ስለነበር የቀረውን ክትባት ጣልነው። በሁለት ቀበሌ እናቶች ዶሮአቸውን አስረው ሲጠብቁን ዋሉ። ከሁለቱ በአንደኛው ቀበሌ ቀጣዩ ዙር ሳይደርስ ፈንግል ገባ።

ሾፌራችን በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። «ባትሪ ሳይፈትሹ ወጡ» ተብለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፍሪጁ ባትሪ ሲደክም ራሱን የሚያጠፋበት መቁረጫ አለው። ክትባቱ እንዳይሞቅብኝ ብዬ እሱን ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ ያዞርኩት እኔ ነኝ። እሳቸው «ልጄ፣ ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ እናስነሣው» ሲሉኝ ናፍጣ እንቆጥብ ያልኩትም እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ደፍሬ አልተናገርኩም።

አሁን የተገጠመው እንዲህ ይሠራል። በሁለቱ ባትሪዎች መካከል ሪሌ አለ። ሞተር ሲነሣ ዲናሞው ወደ 14 ቮልት ይሰጣል፤ ሪሌው ያንን አይቶ ሁለቱን ያገናኛል፤ ሁለቱም ይሞላሉ። ሞተር ሲጠፋና ቮልቱ ሲወርድ ይለያቸዋል። ከዚያ በኋላ ፍሪጁ ረዳቱን ቢጨርሰው እንኳ ዋናው አይነካም። «ሪሌው ለምን? ሁለቱን በገመድ ማያያዝ አይበቃም ወይ?» ያሉኝ አሉ። ከተያያዙ አብረው ይጎድላሉ፤ ያረጀውም አዲሱን ይጎትተዋል። አንድ ትልቅ ባትሪ ይገዛ ለሚሉም መልሱ ያው ነው፤ ጎታው ይሰፋል እንጂ ዘሩ አይለይም። አዳዲስ መኪኖች ላይ ዲናሞው ቮልቱን እያወረደ ስለሚሠራ ተራ ሪሌ አይበቃም፤ ሌላ ቻርጅ ማድረጊያ ይጠይቃል። የእኛ አሮጌ ስለሆነች ከዚህ ወጪ ድናለች።

ረዳቱ ያለው ከመቀመጫ ሥር ነው። ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ የታሸገውን ዓይነት መርጠናል። ገመዱ ወፍራም ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ገብቶለታል። ገመድ ሲፈታ መጀመሪያ ኔጌቲቩ ይፈታል፤ ሲታሰርም መጨረሻ የሚታሰረው እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ሞተር ሳይነሣ ቮልት እንለካለን። 12.6 ሙሉ ነው፤ 12.2 ሲደርስ ግማሹ አልቋል፤ ከዚያ በታች እንዲወርድ አንፈቅድም። ባዶውን የከረመ ባትሪ ሰሌዳው ይደድርና መሙላት እምቢ ይላል። የሃያ ደቂቃ መንገድም የጎደለውን አይመልስም፤ ስለዚህ ማታ ማታ መጋዘን ውስጥ በመብራት ኃይል እንሞላዋለን። አንድ ልመና አለኝ፤ ሞባይል ቻርጅ ለማድረግ ከዋናው ባትሪ መስመር የምትስቡ ወንድሞች፣ እባካችሁ በረዳቱ በኩል ይሁን።

የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣ የሾፌራችን ማስጠንቀቂያ አሁንም ከፋይላቸው ውስጥ አለ። እንዲወጣላቸውና ጥፋቱ በእኔ ስም እንዲመዘገብ በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ ዛሬም በአባላት ፊት እጠይቃለሁ። መኪናዋ ከመጋዘኑ በር ላይ ቆማለች፤ መቀመጫውን አንሥተነዋል። ከምሳ በኋላ ማየት የምትፈልጉ እሳቸው ያሳዩዋችኋል።