ወረርሽኝ ሁሉን ይነካል፤ ሞት ግን እኩል አይደርስም
(ለእርዳታና ለሠፈራ ሥራ ኃላፊዎች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ወረርሽኝ ሀብታምና ድኻ፣ ሹምና ተራ ሰው ሳይለይ ይመታል የሚል አባባል በየጊዜው ይሰማል። አባባሉ እውነትነቱ ግማሽ ነው። የበሽታው ጀርም በእርግጥ ሰው አይመርጥም። ነገር ግን ማን ቀድሞ እንደሚጋለጥ፣ ማን አስታማሚ እንደሚያጣ፣ ለማንስ እርዳታው ዘግይቶ እንደሚደርስ የሚወስኑት የኑሮ ሁኔታና የአስተዳደር ውሳኔ ናቸው። ሕዝብን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያንቀሳቅስ ሥራ ሁሉ በዚህ ውሳኔ ውስጥ ድርሻ ስላለው፣ ጉዳዩ ለሐኪሞች ብቻ ሊተው አይገባውም።

ለዚህ ግልጽ ማስረጃ የሚሆነው በደቡብ ፓስፊክ የሚኖረው የሳሞአ ሕዝብ ታሪክ ነው። ሳሞአውያን በቋንቋም በልማድም አንድ ሕዝብ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1918 የምዕራቡ ደሴቶች በኒው ዚላንድ፣ የምሥራቁ ደግሞ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ሥር ይተዳደሩ ነበር። በዚያ ዓመት ኖቬምበር 7 ቀን ታሉን የተባለች መርከብ በኢንፍሉዌንዛ የታመሙ መንገደኞችን ከኦክላንድ ይዛ አፒያ ወደብ ደረሰች፤ መንገደኞቹም በማቆያ ሳይቆዩ እንዲወርዱ ተፈቀደላቸው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከምዕራብ ሳሞአ ሕዝብ ከአምስት አንድ ያህሉ አለቀ። በምሥራቅ ሳሞአ ግን አገረ ገዢው ጆን ፖየር መርከቦች በማቆያ እንዲቆዩ በማዘዝና የባሕሩን ዳርቻ በማስጠበቅ በሽታው እንዳይገባ አደረገ፤ በወረርሽኙ የሞተ ሰውም አልነበረም። በአንድ ሕዝብ መካከል ይህን ልዩነት ያመጣው የሁለት አስተዳደሮች ውሳኔ ነው። የኒው ዚላንድ መንግሥት በዘመነ አስተዳደሩ ለተፈጸሙ በደሎች፣ ይህም ጭምር፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የሳሞአን ሕዝብ ይቅርታ ጠይቋል።

በኒው ዚላንድ ምድርም በዚያው ወረርሽኝ የነባሩ የማኦሪ ሕዝብ የሞት መጠን ከአውሮፓውያን ሰፋሪዎች ሰባት እጥፍና ከዚያም በላይ ነበር። መሬቱ ተወስዶበት በጠባብ ጎጆ ተጨናንቆ የሚኖር፣ ሐኪም ቤት የራቀው ሕዝብ ወረርሽኙ ሲደርስበት የሚቋቋምበት አቅም አልነበረውም። ይህም ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ኮቪድ-19 በተዛመተበት በግንቦት ወር 2012 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚገኘው የናቫሆ ሕዝብ፣ ከቁጥሩ አንጻር ሲታይ፣ በበሽታው በመያዝ ከኒው ዮርክ በልጦ ተገኝቶ ነበር። እጅን ደጋግሞ መታጠብ ዋና ምክር በሆነበት በዚያ ወቅት ከናቫሆ ቤተሰቦች ከመቶ 30 ያህሉ በቤታቸው የቧንቧ ውሃ አልነበራቸውም።

እ.ኤ.አ. የ1918ቱ ወረርሽኝ ኢትዮጵያንም አልማረም። በ1911 ዓ.ም. የገባውና የኅዳር በሽታ የሚል ስም የተሰጠው ይኸው ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ ብቻ አሥር ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው ታመው ድነዋል። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ በወደቀበት ቤት ግን ውሃ የሚያቀብል፣ አጥሚት የሚያፈላ፣ የሞተውንም የሚቀብር ጠፋ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተሰበሰበ የሚታጠነው የዚያ ዘመን መታሰቢያ ሆኖ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረኃብ በጸና ጊዜም ብዙ ሰው የሞተው በረኃብ ብቻ አልነበረም። በመጠለያዎች ተጠጋግቶ የሠፈረውን የተዳከመ ሕዝብ ኩፍኝ፣ ተቅማጥና የሳንባ ምች ፈጁት። ድንበር ተሻግረው በምሥራቅ ሱዳን ዋድ ኮውሊ መጠለያ በገቡት ተፈናቃዮች ዘንድ ኩፍኝ ከሕፃናት ሞት ዋና ምክንያቶች አንዱ ነበር። በዚሁ ጊዜ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ በመተከል፣ በጋምቤላ፣ በወለጋ፣ በኢሉባቦርና በከፋ እንዲሠፍር ተደረገ። ብዙው ሰፋሪ የደጋ ሰው በመሆኑ ወባን የሚቋቋምበት ልምድ በሰውነቱ አልነበረም፤ የገባበት ቆላ ግን የወባ አገር ነበር።

ጉዳቱ በሰፋሪው ላይ ብቻ አልቆመም። በመተከል የጉሙዝ፣ በጋምቤላ የአኝዋክ ሕዝብ ያርስበት፣ ያድንበትና ማር ይቆርጥበት የነበረው ደን ለሠፈራ ተመነጠረ። ደኑ እህል ባለቀ ጊዜ የሚመገቡትን የሚያገኙበት ጎተራቸው ነበርና፣ እርሱን ያጣ ሕዝብ በሽታን የሚመክትበትን ጉልበት አብሮ ያጣል። ሰፋሪውን ብቻ የሚቆጥር መዝገብ ይህን ጉዳት አያሳይም።

ከዚህ ሁሉ ለሥራው የሚወሰዱ ትምህርቶች አራት ናቸው።

አንደኛ፤ የኩፍኝ ክትባት ከምግብና ከውሃ እኩል የመጀመሪያ ቀን ሥራ ሊሆን ይገባል። በዓለም አቀፍ መመዘኛ መሠረት ከስድስት ወር እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ሊያገኙት ይገባል፤ ከእነዚህ መካከል ከአምስት ዓመት በታች ላሉት ደግሞ ቫይታሚን ኤ አብሮ ይሰጣል።

ሁለተኛ፤ ሕዝብ ከመግባቱ በፊት ውሃና ቦታ ይመዘኑ። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃና 3.5 ካሬ ሜትር የመጠለያ ወለል ያልተገኘበት ስፍራ ገና አልተዘጋጀም።

ሦስተኛ፤ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወስድ ዕቅድ አጎበር፣ መድኃኒትና የጤና ሠራተኛ ከሰፋሪው ቀድመው እንዲደርሱ ያድርግ። የጉዞው ቀን የሚቆረጠው እነዚህ መድረሳቸው ከተረጋገጠ በኋላ ይሁን።

አራተኛ፤ ሰፋሪው ፈቅዶ የሚሄድ መሆኑ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብም መስማማቱ አስቀድሞ ይጠየቅ። በክትባቱም፣ በውሃውም፣ በጤና ጣቢያውም ነባሩ ሕዝብ እኩል ተጠቃሚ ሆኖ ይመዝገብ።

በአፒያ ወደብ ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቀው መርከቧ ደርሳ መንገደኞቿ በወረዱበት ዕለት በተሰጠ ፈቃድ ነው። በሠፈራ ሥራም የሰዎቹ ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በጤና ጣቢያ ሳይሆን የጉዞው ትእዛዝ በሚፈረምበት ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ፣ ፈራሚው ከፊርማው በፊት እነዚህን አራት ነጥቦች ጠይቆ መልስ ማግኘት ይኖርበታል።