ጠንካራና ታማኝ፦ በማዕድን ሥራ የመጀመሪያን እንጀራ ፍለጋ
(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ምድርን ለእኛ ገር አድርጎ በውስጧም ሲሳይን ላኖረው ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ከዐስር ሰላት በኋላ ወደ መስጊዳችን በር መጡ። «ሸኽዬ፣ ልጄ ነገ ለሥራ ይሄዳል፤ ዱዓ ያድርጉለት» አሉን። ልጃቸውን እናውቀዋለን። በጂኦሎጂ ዲግሪ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሙሉ የሥራ ማስታወቂያ ሲያነብ የኖረ ወጣት ነው። እጃችንን አንስተን ዱዓ አደረግን፤ እናትየውም አሚን ብለው ሄዱ። ወዴት እንደሚሄድ፣ ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ ምን ሊሠራ እንደሆነ ግን አልጠየቅንም።

የሄደው ደላንታ ነበር፤ ኦፓል ሊቆፍር። ከሦስት ወር በኋላ በቃሬዛ ተመለሰ። የገባበት ጉድጓድ ተደርምሶ እግሩን ሰብሮት ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሱ ተርፋለች። ልንዘይረው በሄድን ጊዜ እንዲህ አለን፦ «ሁሉም የሁለት ዓመት ልምድ አምጣ ይሉኛል። ልምዱን ማን ይስጠኝ? ቤት ቁጭ ብዬ የእናቴን እንጀራ መብላት አፈርኩ።» ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። የዛሬውን ርእስ እንድናነሳም ያደረገን እሱ ነው።

ከምድር ሆድ መብላት ነውር አይደለም

አንዳንድ ቤተሰብ ልጁ ተምሮ አቧራ ለብሶ ሲሠራ ያፍርበታል። በእስልምና ግን በእጅ ጥረት የተገኘ ምግብ ከሁሉ የተሻለ ነው። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህንን ካስተማሩን በኋላ ነብዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ነግረውናል። እርሳቸው ራሳቸውም በወጣትነታቸው ለመካ ሰዎች በክፍያ በግ ጠብቀዋል። ከቁርኣን ምዕራፎች አንዱ በብረት ስም መጠራቱና ብረት ለሰዎች ብርቱ ኃይልና ጥቅም እንዳለው በውስጡ መነገሩም ለሚያስተነትን ትምህርት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው የማዕድን ሥራ ይፈቀዳል ወይ አይደለም። ወጣቱ በየትኛው በር ይግባ የሚለው ነው።

የሙሳ (ዐ.ሰ.) የመጀመሪያ ሥራ

በሱረቱል ቀሰስ የሙሳን (ዐ.ሰ.) ታሪክ እናገኛለን። ከግብፅ ሸሽተው መድየን ሲደርሱ ቤት የላቸውም፣ ዘመድ የላቸውም፣ የሚመሰክርላቸው ሰው የላቸውም። በውሃው ዳር ግፊያውን ፈርተው ከብቶቻቸውን ይዘው የቆሙ ሁለት ሴቶች አዩ። ክፍያ ሳይጠይቁ አጠጡላቸው። ከዚያ ወደ ጥላ ሄደው ከጌታቸው ለሚወርድላቸው መልካም ነገር ሁሉ ፈላጊ መሆናቸውን በዱዓ ገለጹ። ብዙም ሳይቆይ ከሁለቱ አንዷ በሐያእ እየተራመደች መጣችና አባቷ እንደሚፈልጋቸው ነገረቻቸው። ለአባቷም ይህን ሰው ቅጠረው፤ ከምትቀጥረው ሁሉ የሚበልጠው ጠንካራና ታማኝ የሆነው ነው የሚል ምክር ሰጠች። ከዚያ በኋላ ስምምነት ተደረገ፤ ስምንት ዓመት ግዴታ፣ አሥር ቢሞሉት በፈቃዳቸው።

ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። መጀመሪያ ሥራ፣ ቀጥሎ ዱዓ፣ ከዚያ የሰው ምስክርነት፣ በመጨረሻም ግልጽ ውል። ያ ወጣት ያጣው ይህንን መንገድ ነበር፤ እኛም አላሳየነውም።

ጥንካሬ ማለት ሙያ ነው

በሀገራችን ማዕድን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ወርቅና ኦፓል ብቻ ነው። ነገር ግን የሙገር፣ የደርባና የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ከኖራ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩም የሚወጣው በማዕድን ሥራ ነው። የአፍዴራ ጨው፣ የቀንጢቻ ታንታለም፣ የቤንሻንጉል እብነ በረድ፣ በየከተማው ዳር ያለው የድንጋይ መፍጫ ሁሉ የማዕድን ሥራ ነው። ለጀማሪ በሩ ይበልጥ ሰፊ የሆነው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

ሥራውም መቆፈር ብቻ አይደለም። በአሰሳ ካምፕ ናሙና የሚሸከም፣ የሚመዘግብና የቁፋሮ ማሽን የሚረዳ ሰው ይፈለጋል። ሜካኒክ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ የከባድ ማሽን ኦፕሬተር፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ ቀያሽ፣ ወጥ ሠሪና ጥበቃም ይፈለጋሉ። በቴክኒክና ሙያ የሠለጠነ ልጅ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ሳይወስድ አይቀመጥ። ዩኒቨርሲቲ ያለው ደግሞ ለተግባር ልምምድ በተላከበት ቦታ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ሠራተኛ ይዋል። ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከመቀጠራቸው በፊት ውሃ እንደቀዱ ያስታውስ። የፈረቃ ኃላፊው በሌላ ጊዜ ስሙን የሚያነሳው በዚያ አንድ ወር ባየው ሥራ ነው። በወረዳ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ፣ የክልሉን ማዕድን ቢሮ መጠየቅ፣ «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ከዲግሪው ዝቅ ያለ ቢሆንም አለመናቅ፣ ይህ ሁሉ ሰበብ ማድረስ ነው። ሰበብ ሳያደርሱ ተወኩል ማለት ግመሉን ሳያስሩ መሄድ ነው።

አማና የሚፈተንበት

ሥራ አጥነት ልብን ያደክማል። በዚህ ድካም ጊዜ ደላላ ይመጣል። «ይህን ያህል ብር ስጥና የልምድ ወረቀት ላሠራልህ፣ ይህን ያህል ደግሞ ለቀጣሪው» ይላል። የሐሰት ወረቀት ውሸት ነው። ጉቦውን በተመለከተ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰጪውንም ተቀባዩንም ረግመዋል። በውሸት ወረቀት የተጀመረ ደመወዝ በየወሩ የሚበላ ነው፤ እናት፣ ሚስትና ልጅ ከዚያ ይበላሉ። በማዕድን ቦታ ደግሞ ነገሩ ከወንጀልም ያልፋል። ማሽን መንዳት ሳይችል እችላለሁ ብሎ የገባ ሰው ከሥሩ ያሉትን ወንድሞቹን ሊገድል ይችላል።

ነብዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ለንጉሡ ጠባቂና አዋቂ መሆናቸውን ሲገልጹ ያላቸውን ተናገሩ እንጂ የሌላቸውን አልጨመሩም። ልጆቻችንም የሚያውቁትን በግልጽ ይናገሩ፤ የማያውቁትን «እማራለሁ» ይበሉ።

ውልና ነፍስ

ሙሳ (ዐ.ሰ.) የገቡት ጊዜው በተነገረ ውል ነው። በሀገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ሊሆን ይገባል፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አያልፍም። ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅ ከመሬት በታች በሚሠራ የማዕድን ሥራ አይሰማራም። የደኅንነት ዕቃ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ የተሰጠውን ማድረግ ደግሞ የሠራተኛው ድርሻ ነው። ሙቀት ነው ብሎ የራስ መከላከያውን አውልቆ የሚሠራ ወጣት ጀግና አይደለም። አላህ ራሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ከልክሎናል።

በደቡብ ወሎ ደላንታ ኦፓል ማውጣት ከተጀመረ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ወጣት ከገደሉ ጎን በእጁ እየፈለፈለ ይገባል። ጣሪያውን የሚደግፍ እንጨት በሌለበት አፈሩ ሲርስ ይናዳል። በ2016 ዓ.ም. እዚያው ወረዳ ጉድጓድ ተደርምሶ ወደ ሃያ የሚጠጉ ሰዎች ውስጥ መቅረታቸው ተነግሯል። በባህላዊ ወርቅ ቦታዎችም ሜርኩሪ በእሳት ሲተን ጭሱ ነርቭን ይጎዳል። ያንን ይዞ መጥቶ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ባሉበት ቤት የሚያቃጥል ሰው ወርቁን ሲያወጣ ቤተሰቡን ይመርዛል። የድንጋይ ትቢያም ከዓመታት በኋላ ሳንባን ያደርቃል። በእጅ ማምረት የሚፈልጉ ካሉ በማኅበር ተደራጅተው፣ ፈቃድ አውጥተው፣ የሚያውቅ ሰው መሬቱን አይቶላቸው ይግቡ።

የቤተሰብ ድርሻ

ውድ ወላጆች፣ «የእገሌ ልጅ በሦስት ወር ቤት ሠራ» የምትለዋ ቃል ስንቱን ልጅ ጉድጓድ ከታለች! ያልተናደበትን እንሰማለን፤ የተናደበትን ግን ቀብረን እንረሳለን። ልጁ ሥራ ፍለጋ ላይ ሳለ ትራንስፖርቱን፣ ፎቶ ኮፒውንና ትዕግሥታችንን እንስጠው። የምንበላውን እንጀራ ዕዳ አናድርግበት። ሥራ ሲያገኝም የካምፑን ነገር እንጠይቀው፤ ሰላት የት ትሰግዳለህ፣ ከማን ጋር ታድራለህ፣ ደመወዙን ምን ታደርገዋለህ እንበለው። ውሃ በሌለበት ተየሙም እንዳለ፣ በፈረቃ መሀል አሥር ደቂቃ ለሰላት በአክብሮት ቢጠየቅ ብዙ ኃላፊ እንደማይከለክል እናስረዳው።

ያ ወጣት እግሩ ከዳነ በኋላ በአንድ የኖራ ድንጋይ ማውጫ በናሙና መዝጋቢነት ተቀጠረ። በቃለ መጠይቁ ስለ ልምድ ሲጠይቁት «ያለ ፈቃድ ሦስት ወር ቆፍሬ እግሬን ሰበርኩ፤ ድንጋይ እንዴት እንደሚወድቅ አውቃለሁ» ብሎ እንደመለሰ ነገረን። ደመወዙ ትንሽ ነው። እናቱ ግን ማታ በር ሲንኳኳ አይደነግጡም።

ባለፈው ሰሞን እኚያው እናት እንደገና መጡ፤ ታናሽየውም ሊሄድ ነበርና። እጃችንን ከማንሳታችን በፊት «ወዴት? ከማን ጋር? ምን ሊሠራ?» ብለን ጠየቅን። እናትየውም «እሱን አልጠየቅሁትም» አሉ። «እንግዲያው ልጁን ይዘውልን ይምጡ፤ ከመግሪብ በኋላ አብረን እንጠይቀው፤ ከዚያ ዱዓ እናደርጋለን» አልናቸው።

አላህ ልጆቻችንን ጠንካራና ታማኝ ያድርግልን፤ በሐላል ሲሳይ ያብቃቃን፤ ከምድር ላይም ከምድር በታችም ይጠብቃቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።