ዘመድ ቃል፥ እንግዳ ቃል፥ ባዳ ቃል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ትልቅ ነገር አይደለም፤ ስለ ትንንሽ ቃላት ነው። አንድ ወይም ሁለት ፊደል ብቻ ይዘው በአንደኛው ቋንቋ አንድ ነገር፥ በሌላው ቋንቋ ደግሞ ሌላ ነገር ስለሚሉ ቃላት ጥቂት እንላለን። ይህን ርእስ ለምን እንደ መረጥን ግን በመጀመሪያ ልንገራችሁ።

ከእኛ አንዱ ከገጠር መጥቶ በከተማ አንደኛ ክፍል ሲገባ ከአውጚ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቅም ነበር። በገባበት ትምህርት ቤት ግን ትምህርቱ የሚሰጠው በአማርኛ ነበር። አንድ ቀን አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ ሊጠራ ፈልጎ «እንት» አለው። በአውጚ «እንት» ማለት «አንተ» ማለት ነው። የሰሙት ልጆች ግን የሚለው ጠፍቶበት «እንትን» ሊል የጀመረ መሰላቸውና ሣቁበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክርስትና ስሙ ቀርቶ «እንትን» ተባለ። ልጁም መልሱን እያወቀ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ እጁን ሳያወጣ ቀረ። እንግዲህ አንዲት ትንሽ ቃል አንድን ልጅ ለአንድ ዓመት ዝም ልታሰኝ ከቻለች፥ ነገሩ ሊመረመር የሚገባው ነው ብለን አሰብን።

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ገበያ ቆሞ ያዳመጠ ሰው፥ ሻጩ በአውጚ ጀምሮ በአማርኛ ሲጨርስ ይሰማል። በሁለት ቋንቋ የሚኖር ሕዝብ ተመሳሳይ ቃል ሁልጊዜ ያጋጥመዋል። ቃላት በመልክ የሚመሳሰሉበትን ምክንያት ስንመረምር እንደ ሰዎች ሆነው አገኘናቸው። አንዳንዶቹ በደም የሚገናኙ ዘመዶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከሌላ ቤት መጥተው የተቀመጡ እንግዶች ናቸው፤ ሌሎቹም መልካቸው ብቻ የገጠመ ባዳዎች ናቸው።

በመጀመሪያ ባዳዎቹን እንመልከት። «ኑ» የምትለውን ቃል ውሰዱ። በአማርኛ ብዙ ሰዎችን ለመጥራት እንናገራታለን። በኦሮምኛ «እኛን» ማለት ናት። በፈረንሳይኛ ደግሞ «እኛ» ማለት ናት። የኦሮምኛውና የፈረንሳይኛው «ኑ» በድምፅም በትርጉምም እንዲህ ሲቀራረቡ፥ ዘመዶች ናቸው ብሎ የማይፈርድ ማን ነው? ነገር ግን ፈረንሳይኛው የመጣው ከላቲኑ «ኖስ» ነው። የኦሮምኛው ወገን ሌላ ነው፤ ከግዕዙ «ንሕነ» እና ከዐረብኛው «ነሕኑ» ጋር ይቈጠራል። በአውጚም «እኖጂ» ስንል ያንኑ የ«ነ» ድምፅ እንሰማለን። ስለዚህ የፓሪስ ሰው «ኑ» ቢል ባዳ ነው፤ የነቀምቴ ሰው «ኑ» ቢል ግን ሩቅም ቢሆን ዘመድ ነው።

«ስ» የምትለዋም እንዲሁ ናት። በአማርኛ «እናንተስ?» ስንል ጥያቄን ወደ ሌላው እንመልሳለን። በአውጚ በስም መጨረሻ ላይ የምትገባው «ስ» ግን እንደ አማርኛው «ለ» ለማን እንደ ተሰጠ ወይም እንደ ተደረገ ታመለክታለች። በእንግሊዝኛ ደግሞ በስም መጨረሻ ገብታ ብዛትን ታሳያለች። አንዲት ፊደል በሦስት ቤት ሦስት ሥራ ይዛለች።

«ማማ» የሚለው ቃል ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አስገርሞናል። በእኛ አገር ማማ ማለት በቆሎውን ከዝንጀሮና ከወፍ ለመጠበቅ በማሳ ላይ የሚሠራ ከፍ ያለ መቆሚያ ነው። ከእኛ ብዙዎቻችን ከትምህርት በፊት የወጣነው በእርሱ ላይ ነው። እንግሊዞች «ማማ» ሲሉ እናታቸውን ይጠራሉ። በካውካስ ተራሮች ግርጌ የሚኖሩት ጆርጂያውያን ግን «ማማ» የሚሉት አባታቸውን ነው፤ እናታቸውን «ዴዳ» ይሏታል። ሮማን ያኮብሰን የተባለው የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፥ ሕፃን ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀናው በከንፈር የሚወጣ ድምፅ ነው። ስለዚህ በብዙ አገር የእናትና የአባት መጠሪያ የሚመሳሰለው ሕዝቦቹ ሁሉ ከአንድ ቤት ስለ ወጡ ሳይሆን የሕፃን አፍ በየትም አገር አንድ ስለ ሆነ ነው።

ሁለተኛው ክፍል እንግዳው ነው። ሻይ የምንለው ቃል ከቅጠሉ ጋር በንግድ የመጣ ነው። ቻይናዎች «ቻ» ይሉታል፤ ፋርሶች «ቻይ»፥ ዐረቦች «ሻይ» አሉት፤ እኛም ከዐረቦች ተቀበልነው። የልደት በዓል መጠሪያ የሆነው «ገና» ከግሪክኛ ልደት ማለት ከሆነው ቃል እንደ መጣ ሊቃውንት ያስረዳሉ። «ገና አልመጣም» ስንል የምንናገረው «ገና» ግን የራሳችን ቃል ነው። የበዓሉ ስም ይጠብቃል፥ ይህኛው ይላላል፤ በጽሕፈት ግን ልዩነታቸው አይታይም። እንዲሁም «ከወንድሜ ጋራ መጣሁ» ስንልና «ጋራውን ወጣሁ» ስንል ሁለቱ ቃላት በመልክ አንድ ናቸው። ተራራን «ጋራ» ማለት የኦሮምኛም ቃል ነው። እንግዳ ቃል ከሌላ ቤት መጣ ተብሎ አይናቅም፤ ይልቁንም ጎረቤታሞች አብረው መብላታቸውንና መገበያየታቸውን ይመሰክራል።

ሦስተኛው ክፍል ዘመድ ቃል ነው። እኛ በቤታችን «አን» ስንል «እኔ» ማለታችን ነው። ኦሮሞዎች «አኒ» ይላሉ፤ በግዕዝ «አነ»፥ በዐረብኛ «አና» ይባላል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። አውጚና ኦሮምኛ ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን ናቸው፤ ግዕዝ፥ ዐረብኛና አማርኛ ከሴም ቋንቋዎች ወገን ናቸው። ሊቃውንት ሁለቱን ወገኖች ከሌሎች ጋር አንድ አድርገው አፍሮ እስያዊ የሚባል ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ይመድቧቸዋል። በእንግሊዝኛ ከስም በፊት የሚገባው «አን» ግን «አንድ» ማለት ከሆነው ከራሱ ከእንግሊዝኛው ቃል የወጣ ነው፤ ስለዚህ ለእኛ ባዳ ነው።

እንግዲህ ዘመዱን ከባዳው በምን እንለያለን? አንድ ቃል ብቻውን ምስክር አይሆንም። በሰሜናዊ አውስትራሊያ ምባባራም በሚባል ቋንቋ ውሻ «ዶግ» ይባል ነበር፤ እንግሊዝኛውም «ዶግ» ነው። የሚያስት መሳይነት ነው። ነገር ግን በምባባራም ጎረቤት ያሉት ዘመድ ቋንቋዎች ሲመረመሩ ቃሉ በጥንት ጊዜ «ጉዳጋ» እንደ ነበረና በብዙ ዘመን እንዳጠረ ታወቀ። ሁለቱ ቃላት በአጋጣሚ በመንገድ ላይ ተገናኙ እንጂ ከአንድ ቤት አልወጡም።

ዘመዶች ሲሆኑ ግን ብዙዎቹ ተከታትለው ይመጣሉ። በአውጚ ሁለት «ላጛ»፥ አምስት «አንኳ» ይባላል። በኤርትራ በከረን አካባቢ የሚኖሩት ብሌኖች ሁለትንና አምስትን ሲቈጥሩ ቃላቸው ከእኛ እምብዛም አይርቅም። በእኛና በእነርሱ መካከል ብዙ ተራራና ብዙ የአማርኛና የትግርኛ አገር አለ። ሆኖም ቊጥሩ ብቻ ሳይሆን የግሡ አካሄድም ይገጥማል። አውጚ፥ ኽምጣንኛ፥ ቅማንትኛና ብሌን የአገው ቋንቋዎች የሚባሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሮበርት ሄትስሮን የተባለ ምሁር የአውጚን ግሥ የሚመረምር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1969 አሳትሟል፤ ዴቪድ አፕልያርድም የአገው ቋንቋዎችን ቃላት አነጻጽሮ የያዘ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ2006 አውጥቷል። የሩቅ አገር ሰዎች ለአያቶቻችን ቃል ይህን ያህል ከደከሙ፥ እኛ ልጆቻቸው ምን ያህል ልንደክም ይገባን ይሆን?

ይህን ሁሉ የተናገርነው ዕውቀታችንን ለማሳየት አይደለም። ዛሬ አንዳንድ ሰው ሁለት ተመሳሳይ ስሞች ባገኘ ቊጥር እገሌ የሚባለው ሕዝብ ከእገሌ አገር የመጣ ነው፥ ወይም እገሌ ለዚህ አገር ባዳ ነው ብሎ ይፈርዳል። በአንድ ቃል መሳይነት ሰውን ከአገሩ ማስወጣትም ሆነ ለሰው የሌለውን የዘር ሐረግ መስጠት ትልቅ ስሕተት ነው። ቃል እንደ ሰው የራሱ ቤትና የራሱ ታሪክ አለው፤ ሳይጠየቅ ሊፈረድበት አይገባም።

አሁን ወደዚያ ልጅ እንመለስ። የተሣቀበት «እንት» የግዕዙ «አንተ» ዘመድ ነው። ልጆቹ «እንትን» የሚል ባዳ ሰምተው ሣቁ፤ የተነገረው ግን እነርሱ ራሳቸው በየቀኑ «አንተ» እያሉ የሚናገሩት ቃል ወንድም ነበር። ያን ጊዜ አንድ ሰው «ይህ ቃል በቤታችሁ ምን ማለት ነው?» ብሎ ልጁን ጠይቆት ቢሆን ኖሮ፥ ሣቁ ትምህርት ይሆን ነበር።

ስለዚህ ከመለያየታችን በፊት ሦስት ነገር በትሕትና እንለምናለን። ክቡራን ወላጆቻችን፥ ልጆቻችሁ አማርኛና እንግሊዝኛ እንዲያውቁ እንደምትተጉ እናውቃለን፤ ነገር ግን በምድጃ ዙሪያ አውጚውን አትንፈጓቸው። ዛሬ በአዊ ዞን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአውጚ ይማሩበታል፤ «ጚ» የተባለችውም ፊደል በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ትታያለች። ቤት የተወውን ግን ትምህርት ቤት ብቻውን ሊያቆየው አይችልም። የተከበራችሁ መምህሮቻችን፥ ትንሽ ልጅ እንግዳ ቃል ሲናገር ከማረማችሁ በፊት ትርጉሙን ጠይቁት። እናንተ ከእኛ በኋላ የምትቀሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ፥ አንድ ደብተር በሦስት ዓምድ ከፍላችሁ በአንደኛው ዘመድ፥ በሁለተኛው እንግዳ፥ በሦስተኛው ባዳ ቃላትን ጻፉ። እኛ የጀመርነውን ደብተር ለቤተ መጻሕፍቱ ትተን እንሄዳለን፤ ገና ብዙ ባዶ ገጽ አለው።

ያ ልጅ ዛሬ ከእኛ ጋር በዚህ መድረክ ላይ ቆሟል። እጁንም አውጥቶ ይመልሳል።