ስለ ችፌ ሕመም



በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ባልደረቦች በምሳ ሰዓት አንድ ትሪ ከበው ሲቀመጡ፥ ከመካከላቸው አንዱ እጁን በኪሱ እንደ ሸሸገ «እኔ ቀደም ብዬ በልቻለሁ» ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ አይታችሁ ይሆናል። ይህ ሰው ጠግቦ አይደለም። የእጁ ጀርባ ጠቁሮና ሻክሮ፥ የጣቶቹም ቆዳ ተሰነጣጥቆ ስለሚታይ ባልንጀሮቼ ይጸየፉኛል ብሎ ፈርቶ ነው። የሚያሳዝነውም ፍርሀቱ ያለ ምክንያት አለመሆኑ ነው፤ በእርግጥ የሚሸሹት አሉና። ዛሬ የምንነጋገረው ይህን ሰው ከማዕድ ስላራቀው ሕመም ነው። ስሙም ችፌ ይባላል፤ ሐኪሞች ኤክዜማ ይሉታል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ችፌ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ መሆኑ ነው። በመጨባበጥ፥ አብሮ በመብላት፥ ልብስ በመዋዋስ ወይም በአንድ አልጋ በመተኛት አይያዝም። ምክንያቱም እርግማን ወይም የሰው ዓይን አይደለም፤ የታመመውም ሰው ንጽሕናውን የማይጠብቅ ነው ማለት አይደለም።

ታዲያ ምንድር ነው? ኤክዜማ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ፈልቶ መውጣት ማለት ነው። ሕመሙ በበረታ ጊዜ ቆዳው ውሃ የቋጠረ ሽፍታ እያወጣ ስለሚያዥ ስሙ ይስማማዋል። የጤነኛ ሰው ቆዳ በሚገባ እንደ ተመረገ ቤት ነው፤ ምርጊቱ ደኅና እስከ ሆነ ድረስ የውስጡ እርጥበት አይወጣም፥ የውጭውም አቧራ አይገባም። ችፌ ባለበት ሰው ግን ይህ ምርጊት የሳሳ በመሆኑ ቆዳው ይደርቃል፤ የሚያስቈጣው ነገር ሁሉ በቀላሉ ይገባበታል፤ ከዚያም ያብጣል፥ ያሳክካል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ተመራማሪዎች ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን ጉድለት ሲኖርበት ሰውን ለችፌ እንደሚያጋልጠው አስታውቀዋል። አስም ባለበት ቤተሰብ ችፌ አዘውትሮ መታየቱም ዝንባሌው በዘር ስለሚወረስ ነው። ከዚህም በቀር ሳሙናና በረኪና ከእጃቸው የማይለይ አጣቢዎችን፥ ሲሚንቶ የሚነኩ ግንበኞችን፥ ፀጉር ሠራተኞችንም የእጅ ችፌ ይይዛቸዋል።

በውጭ አገር መጻሕፍት ችፌ ቀይ ሆኖ ይታያል ተብሎ ተጽፎ እናገኛለን። በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ እምብዛም አይለይም፤ ይልቁንም ጥቁር፥ አመድማ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ ሆኖ ይታያል። ከዳነ በኋላም የጠቆረ ወይም የነጣ ቦታ ይተዋል፤ ይህ በወራት ውስጥ እየጠፋ የሚሄድ ነውና ለምጽ ነው ብሎ መደንገጥ አይገባም። ይሁን እንጂ የሚያሳክክ ሁሉ ችፌ አይደለም። ሌሊት የሚብስና የቤቱን ሰው ሁሉ የሚያሳክክ ሲሆን እከክ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ቤተ ሰቡ በአንድነት መታከም አለበት። እንደ ቀለበት ክብ ሆኖ ዳሩ ከፍ ያለ ሲሆን ጭርት ሊሆን ይችላል። ሲነኩት የማይሰማ ቦታ በቆዳ ላይ ያየ ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

አሁን ወደ አያያዙ እንምጣ። ማከክ ለጊዜው ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ምርጊቱን ይበልጥ ያፈርሰዋል፤ የፈረሰውም ቆዳ መልሶ ያሳክካል። «እከክልኝ ልከክልህ» የሚለው ብሂል ለወዳጅነት ይሆን እንደ ሆነ እንጂ ለችፌ አይሆንም። ስለዚህ ጥፍርን ማሳጠር፥ በጣም ባሳከከም ጊዜ በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ መያዝ ይሻላል። ገላን በሙቅ ሳይሆን ለብ ባለ ውሃ፥ ጠረን በሌለውና ቆዳን በማያደርቅ ሳሙና፥ ሳያስረዝሙ መታጠብ ያስፈልጋል። ከዚያም ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ቫዝሊን ደኅና አድርጎ መቀባት፥ ይህንንም ሕመሙ ጋብ ባለ ጊዜ እንኳ በየቀኑ አለማቋረጥ ነው። ሱፍ ሹራብ ገላን እንዳይነካ ከሥሩ የጥጥ ልብስ ይለበስ። ዕቃና ልብስ የሚያጥብ ሰውም ውስጡ ጥጥ ያለበት የጎማ ጓንት ያጥልቅ።

እብጠቱን የሚያበርዱት የስቴሮይድ ቅባቶች ናቸው። ከእነዚህም ሃይድሮኮርቲዞን በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1952 ጀምሮ ለቆዳ ሕመም ይታወቃል። የአንድ አዋቂ ሰው አመልካች ጣት ከጫፉ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ የሚይዘው ቅባት፥ የሁለት መዳፍ ስፋት ላለው ቦታ ይበቃል። በዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይፈጸማሉ። አንዱ መድኃኒቱን ፈርቶ ሳይጨርሱ መተው ነው። ሁለተኛውና የሚብሰው ብርቱውን ቅባት ሐኪም ሳያዝ ገዝቶ፥ ፊትን ለማቅላት ጭምር፥ ለወራት መቀባት ነው። ይህ ቆዳን ያሳሳል፤ ብጉር ያወጣል፤ ጭርት ላይ የተቀባ እንደ ሆነም ሕመሙን ሸፍኖ ያስፋፋዋል። ሎሚ፥ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦም የቆሰለውን ቆዳ ያቃጥላሉና አይደረጉበት። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ቢሆን የታዘዘለትን መድኃኒት አያቋርጥ። ለሕፃናትም ሐኪም ሳይመክር እንቁላልና ወተት መከልከል እድገታቸውን ይጎዳል። መግል፥ ቢጫ ቅርፊት ወይም ትኩሳት የታየ እንደ ሆነ፥ ይልቁንም የሚያምም ውሃ የቋጠረ ሽፍታ በድንገት በብዛት ከወጣ፥ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ግዴታ ነው።

ችፌን ከሥሩ ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ነገር ግን በብዙ ሕፃናት ላይ እያደጉ ሲሄዱ ይቀንሳል፤ በአዋቂዎችም ዘንድ በትጋት የተያዘ እንደ ሆነ ሥራንም እንቅልፍንም ሳያውክ ይኖራል። በትጋት የማይድነው ግን የባልንጀራ መጸየፍ ነው፤ የዚህ መድኃኒቱ በእናንተ እጅ ነው።

እንግዲህ ነገ በምሳ ሰዓት ያ ባልደረባችሁ «በልቻለሁ» ያላችሁ እንደ ሆነ አትመኑት። ቦታ ልቀቁለት። በርበሬው የተሰነጠቀ ጣቱን የሚያቃጥለው ከሆነ በማንኪያ ቢበላ ነውር የለበትም። ከዚያ በፊት ግን የመጀመሪያውን ጉርሻ እናንተ አጉርሱት።