የመጨረሻው ወርዋሪ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



የንግግሬ ርእስ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቼ «ክሪኬትን ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» እያሉ ሲስቁ ሰምቻለሁ። አልተሳሳቱም፤ በአገራችን ክሪኬት የሚጫወት ሰው ጥቂት ነው። እኔም የመጣሁት ጨዋታውን ላስተምር ሳይሆን፣ በጨዋታው ታሪክ ውስጥ ያገኘሁትን አንድ ጥያቄ በፊታችሁ ላቀርብ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ቡድኑ ተመርጦ ሊያልቅ አንድ ቦታ ብቻ ሲቀር፣ ለዚያም ቦታ የሚገባቸው ሁለት ሰዎች ሲቆሙ፣ መራጩ በምን ይመርጣል? ላልተመረጠውስ ምን ይለዋል?

ጥያቄው ለእኔ ከመጽሐፍ የተለቀመ ብቻ አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ለእግር ኳስ ቡድናችን ተጫዋች ከሚመርጡት ሦስት ተማሪዎች አንዱ ነበርኩ። ወደ ሌላ ከተማ ለግጥሚያ ልንሄድ ስንል በመኪናው ላይ የአንድ ሰው ቦታ ቀረ፤ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ አንዱን ወሰድን፣ አንዱን አስቀረን። ከግጥሚያው በተመለስን ማግሥት የቀረው ልጅ መንገድ ላይ አግኝቶ «ለምን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «ኮሚቴው ነው የወሰነው» አልኩት። ኮሚቴው እኔ ራሴ እንደ ነበርኩ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ድረስ ያሳፍረኛል።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ ልግባ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ክሪኬት ዱላና ኳስ ስላለው የገና ጨዋታችንን ያስታውስ ይሆናል፤ ነገር ግን ሥራው ሌላ ነው። አንዱ ወገን በዱላ ይመታል፣ ሌላው ወገን ይወረውራል። ወርዋሪው ሃያ ሜትር ያህል ርቆ ኳሷን መሬት ላይ አንጥሮ ይልካል፤ ኳሷ ከመቺው በስተኋላ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ብትነካ፣ ወይም መቺው የመታትን ኳስ ከተከላካዮቹ አንዱ መሬት ሳትደርስ ቢቀልባት፣ መቺው ከሜዳ ይወጣል። ይህም አንድ ዊኬት ይባላል። አሥር ዊኬት ሲወድቅ ዙሩ ያልቃል። በአገሮች መካከል የሚደረገውና ብዙ ቀን የሚፈጀው ግጥሚያ ቴስት ይባላል።

የወርዋሪው ዕድል ግን የተያዘው በክንዱ ብቻ ሳይሆን በመሬቱም ጭምር ነው። የእንግሊዝ ሜዳ እርጥበትና ለምለም ሣር ስላለው ኳሷ ወዲያና ወዲህ ትታጠፋለች፤ ስለዚህ በዚያ መካከለኛ ፍጥነት ያለው ብልህ ወርዋሪ ብዙ ሰው ያስወጣል። የአውስትራሊያ ሜዳ ግን ፀሐይ ያደረቀው ጠንካራ መሬት ነው፤ ኳሷ ቀጥ ብላ ትመጣለች፤ መቺውን የሚያስደነግጠው ፍጥነት ነው። በአገሩ የነገሠ ወርዋሪ በዚያ ተራ ሰው ሊሆን ይችላል።

በ1953 እንግሊዝ አሽዝ የተባለውን ክብር ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ከአውስትራሊያ እጅ መለሰች። በ1954 ደግሞ ይህን ክብር በባላጋራዋ አገር ለመከላከል ቡድን አዘጋጀች። አለቃው ሌን ሀተን ነበረ። ሀተን ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሊንድዎልና ሚለር የተባሉትን የአውስትራሊያ ፈጣን ወርዋሪዎች በዱላው የተቋቋመ ሰው ስለ ነበረ፣ የፍጥነትን ኃይል በገዛ አካሉ ተምሮታል። ከብራያን ስታተም ጋር የሚሰለፍ ሌላ ፈጣን ወርዋሪ ያስፈልግ ነበር። ይህ ስፍራ ለማን ይሰጥ?

አንደኛው ፍሬድ ትሩማን ነበረ። የዮርክሺር የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ ነው። በ1952 ሕንድን በመጀመሪያ ቴስቱ ሲገጥም፣ ሕንድ በሁለተኛው ዙር አንድም ነጥብ ሳታስቆጥር አራት መቺዎች ወጡባት፤ ከአራቱ ሦስቱን ያስወጣ እሱ ነው። በዚያ ዓመት በአራት ቴስት 29 ዊኬት አገኘ። ነገር ግን በ1953 መጨረሻ ወደ ምዕራብ ሕንድ ደሴቶች በተደረገው ጉዞ በሦስት ቴስት ያገኘው ዘጠኝ ብቻ ነበረ፤ አንደበቱም ደፋር ስለ ነበረ ስሞታ ቀርቦበት ለተጓዦች የሚሰጠው የመልካም ጠባይ ጉርሻ ተከለከለ።

ሁለተኛው ፍራንክ ታይሰን ነበረ። ዕድሜው ሃያ አራት፣ በደራም ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ያጠና ተማሪ፤ እንደ እኛ ፈተና የሚያስጨንቀው ሰው ማለት ነው። ሊወረውር ሲዘጋጅ የዎርድስዎርዝን ግጥም በቃሉ ያነበንብ ነበር ይባላል። እስከ ኦገስት 1954 ድረስ አንድም ቴስት አልተጫወተም። ረጅም መንገድ ሮጦ ይመጣል፤ ኳሱ ሁልጊዜ ወደሚፈልገው ቦታ አይሄድም፤ ፍጥነቱን ግን ያየ ሁሉ ይመሰክርለት ነበር።

መራጮቹ ታይሰንን ወሰዱ፤ ትሩማንን አስቀሩ።

የመጀመሪያው ቴስት በብሪስቤን ተደረገ። ሀተን ዕጣው ደርሶት ሳለ አውስትራሊያ አስቀድማ እንድትመታ ፈቀደ። አውስትራሊያም በስምንት ዊኬት 601 ነጥብ አስቆጥራ አቆመች፤ እንግሊዝ በአንድ ዙርና በ154 ነጥብ ተሸነፈች። ታይሰን አንድ ሰው ለማስወጣት 160 ነጥብ አስቆጠረበት። በዚያ ቀን ድምፅ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ትሩማን ይምጣ የማይል እንግሊዛዊ የሚገኝ አይመስለኝም።

ታይሰን ግን የተማረ ሰው ነበረና ከስሕተቱ ተማረ። የሚሮጠውን መንገድ አሳጠረ። በሲድኒ በተደረገው ሁለተኛ ቴስት በዱላ ተራው ላይ ሳለ የሊንድዎል ኳስ ራሱን መታው፤ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ተመልሶ መጣና በመጨረሻው ዙር በ85 ነጥብ ስድስት ሰው አስወጣ፤ እንግሊዝ በ38 ነጥብ አሸነፈች። በሜልበርን ደግሞ በ27 ነጥብ ሰባት ሰው አስወጥቶ አውስትራሊያ በ111 ወደቀች። እንግሊዝ በአዴሌይድም አሸንፋ ክብሯን አስጠበቀች። ታይሰን በአምስቱ ቴስት 28 ዊኬት አገኘ። እዚህ ላይ ስታተምን መርሳት አይገባም፤ በሲድኒ ታይሰን ነፋስ ከኋላው እየገፋው ሲወረውር፣ ስታተም ነፋሱን ፊት ለፊት እየተጋፈጠ ሌላውን ወገን ይዞለት ነበር።

ንግግሬን እዚህ ላይ ባቆም ታሪኩ ለመራጮቹ ጥሩ ምስክር በሆነ ነበር። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አባቶቻችን። ያለፈ ስምም እንዲሁ ነው፤ ሜዳው ድረስ ያደርሳል እንጂ ኳስ አይወረውርም። መራጮቹ ሰው በአገሩ ያከማቸውን ቆጥረው ሳይሆን የሚሄድበት መሬት የሚፈልገውን አስበው መረጡ። በዚህ ላይ አመሰግናቸዋለሁ።

ነገር ግን የታይሰን መመረጥ ትክክል መሆኑ የትሩማንን መቅረት ትክክል ያደርገዋልን? እነዚህ ሁለት የተለያዩ ፍርዶች ናቸው። ትሩማን የቀረው ለአውስትራሊያ መሬት አይሆንም ተብሎ ነው ወይስ ስለ አንደበቱ? መራጮቹ ይህን የመናገር ግዴታ አልነበረባቸውም። እሱም እስከ 1958 ድረስ የአውስትራሊያን ሜዳ አልረገጠም። ይህ ሰው በ1964 በቴስት ታሪክ 300 ዊኬት ያገኘ የመጀመሪያ ወርዋሪ ሆነ፤ ሲያቆምም ቁጥሩ 307 ደርሶ ነበር።

በዚያው በ1954 ጉዞ ሌላም ሰው ነበረ። አሌክ ቤድሰር በ1953 በአውስትራሊያ ላይ 39 ዊኬት ያገኘ፣ አሽዝን ያስመለሰ ሰው ነው። በጉዞው ላይ ታሞ ስለ ነበረ፣ መሬቱም ስላልተስማማው፣ እንዲያርፍ ማድረጉ በቂ ምክንያት ነበረው። ዳሩ ግን ይህን የነገረው ሰው አልነበረም፤ ከቡድኑ መውጣቱን ያወቀው የተለጠፈውን የስም ዝርዝር አንብቦ ነው። ምክንያት ሳይኖር ዝም ማለት ክፉ ነው፤ በቂ ምክንያት እያለ ዝም ማለት ግን ይበልጥ ያስገርማል።

አንዳንድ መምህር «ጠባይም መመዘኛ ነው፤ ወራት በሚፈጅ ጉዞ ላይ አንድ ሰው ቡድኑን ሊበጠብጥ ይችላል» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ እኔም እቀበላለሁ። የምቃወመው ጠባይ መመዘኑን ሳይሆን በጨለማ መመዘኑን ነው። በጠባይህ ቀረህ የተባለ ሰው ወይ ይከራከራል ወይ ይታረማል። ምንም ያልተባለ ሰው ግን ቂም ብቻ ይዞ ይሄዳል።

ይህ ልማድ የት እንደሚያደርስ ያየነው ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው። በ1968 እንግሊዝ ወደ ደቡብ አፍሪቃ የሚሄድ ቡድን መረጠች። ባዚል ዶሊቬራ በኬፕታውን ተወልዶ፣ በቆዳው ቀለም ምክንያት ለአገሩ መጫወት ስለ ተከለከለ ወደ እንግሊዝ የተሰደደ ሰው ነው። በኦገስት ወር በአውስትራሊያ ላይ 158 ነጥብ አስቆጠረ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ ታጣ። ምክንያቱ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ ነው፣ የተመዘነውም በመቺነቱ እንጂ በወርዋሪነቱ አይደለም ተባለ። በሴፕቴምበር ቶም ካርትራይት የተባለ ወርዋሪ በጉዳት ምክንያት ቀረ፤ በእሱ ቦታ የተጠራው ማን ሆነ? ዶሊቬራ! ትናንት ለወርዋሪነት ያልታሰበው ሰው ዛሬ በወርዋሪ ቦታ ገባ። የደቡብ አፍሪቃው ጠቅላይ ሚኒስትር ፎርስተር ይህን ቡድን አልቀበልም አለ፤ ጉዞውም ተሰረዘ። ከ1970 በኋላ ደቡብ አፍሪቃ እስከ 1992 ድረስ ቴስት አልተጫወተችም።

በዚህ ጉዳይ አገራችንም ቀድማ ምስክር ነበረች። በ1957 በካርቱም የመጀመሪያው የአፍሪቃ የእግር ኳስ ዋንጫ ሲደረግ አራት አገሮች ተዘጋጅተው ነበር፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪቃ። ደቡብ አፍሪቃ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች፤ ከእሷ ጋር ልትገጥም የነበረችው ኢትዮጵያም በቀጥታ ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። ሆኖም በካርቱም የነበሩት ሰዎች የሚያስመሰግን አንድ ነገር አድርገዋል፤ ቡድን በምን እንደሚመረጥ በግልጽ ጠይቀው፣ መልሱ ባላስደሰታቸው ጊዜ አንቀበልም ብለዋል።

ውድ ጓደኞቼ፤ ከእኛ መካከል ክሪኬት የሚመርጥ አይኖር ይሆናል፤ ሰው የማይመርጥ ግን አይኖርም። ዛሬ የማኅበራችንን ተወካዮችና የስፖርት ቡድኖች እንመርጣለን፤ ነገ ሠራተኛ እንቀጥራለን፣ የትምህርት ዕድል እናድላለን። አሥር አመልካች ቀርቦ ዘጠኙ ሲመለስ፣ ከሚመለሱት መካከል ትሩማን እንደሚኖር አንጠራጠር። ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። የመጨረሻውን ቦታ ስትሰጡ ሥራው የሚፈልገውን ጠይቁ እንጂ ማን የበለጠ ስም እንዳለው አትጠይቁ። ያስቀራችሁትንም ሰው ከሰሌዳ ላይ እንዲያነብ አትተዉት፤ ፊት ለፊት ቁማችሁ ምክንያቱን ንገሩት። ምክንያታችሁን ለእሱ ለመናገር ካፈራችሁ፣ ምርጫችሁን እንደገና መርምሩ።

እኔ ያንን ልጅ ያስቀረሁት ከተመረጠው ያነሰ ተጫዋች ስለ ነበረ አልነበረም። የተመረጠው የቅርብ ጓደኛዬ ስለ ነበረ ነው። ይህን ያን ጊዜ መንገድ ላይ ልነግረው በተገባኝ ነበር። እነሆ ዛሬ በፊታችሁ ተናገርኩት።